አንደኛ የወጣው ጎርፍ

ሰኞ፣ ግንቦት 11፣ 2017

ዛሬ ከአቶ ረታ ቢሮ የወጣሁት በሩን እንዳልሰብረው እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው። ዳይሬክተር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ውጤቱን ራሱ ጽፎ ጨርሶ ጥናቱን ሄደህ አጥና ይልሃል። "የጎግ ወረዳን የአደጋ ስጋት ደረጃ አድሰህ በሦስት ሳምንት ታመጣለህ፤ ጎርፍ አንደኛ መሆኑ መቼም አይቀርም" አለኝ። መቼም አይቀርም! ታዲያ ለምን እሄዳለሁ? እዚሁ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ አልሞላውም?

ለምን እንደቸኮለ አውቃለሁ። ጎግ ውስጥ ኡቶዎ በምትባል ቀበሌ ወንዙ ዳር የተሠራው ዳይክ፣ ያ ረጅሙ የአፈር ግንብ፣ ሁለተኛ ምዕራፍ ሊጨመርለት ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ የደረጃ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ጎርፍ አንደኛ ካልሆነ ዳይክ የለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተሠራው በ2013 በተደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው። ያን ጥናት ያደረገው ቡድን በጊዜው በነበረው አቅም የሚቻለውን ሠርቷል።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ብነግረው ይስቃል። ገበሬ ሰብስበህ የጎርፍ፣ የድርቅ፣ የሰደድ እሳት፣ የተምች፣ የወባ፣ የከብት ዘረፋ ሥዕል መሬት ላይ ትዘረጋለህ። ለእያንዳንዱ ሰው ሃያ ፍሬ በቆሎ ታድላለህ። መጀመሪያ "ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ላይ አስቀምጡ" ትላለህ። ከዚያ ፍሬውን መልሰህ አድለህ "አብዝቶ የሚጎዳችሁ ላይ አስቀምጡ" ትላለህ። የሁለቱን ዙር አባዝተህ ደረጃ ታወጣለህ፤ የተፈጥሮውን ከሰው ሠራሹ ለይተህ ትጽፋለህ። አሥራ አራት ዓመት ጋምቤላ ላይ እንጀራ የበላሁበት ሥራ ይህ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

መኪና ተገኘ። ነዳጅ አልተገኘም። ከሰዓት ተገኘ።

ለሥራው የሚሆን በቆሎ ልገዛ ከቢሮው ማዶ ነጅሚያ ሱቅ ገባሁ። ፍሬው ትልልቅ ከሆነ ለቆጠራ ይመቸኛል።

"የጎግ ነው?" አልኳት።

"የምን ጎግ! ይሄ ከበደሌ የመጣ ነው። የጎግ በቆሎ ካየሁ ወላሂ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ምን ሆነው ነው ጋሼ? አንተ እዚያ ትመላለስ የለ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የበቆሎ ደላላ ነኝ?" ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ መዘነችልኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሙቀቱ ይሆናል።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ኡቶዎ። ማንጎው ጥላ ሥር። ሠላሳ አንድ ሰው፤ አሥራ ዘጠኙ ሴቶች።

ያስተረጎመልኝ ኒካው ነው፤ የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ የአራት ልጆች አባት፣ እዚሁ የተወለደ ሰው። በ2013ም ወደ አኙዋ ቋንቋ ያስተረጎመው እሱ ነበር። ያኔ ተጫዋች ነበር። ዛሬ ከሥራ ውጪ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ገና ፍሬውን ሳድል ጥያቄ መጣ። "ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ስትል ከዳይኩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" አሉኝ። "አሁን ነዋ!" አልኩ። ጎርፉ ላይ አንድም ሰው አላስቀመጠም። እሺ፤ ዳይኩ ሠርቷል ማለት ነው ብዬ ያዝኩ። ሁለተኛውን ዙር፣ አብዝቶ የሚጎዳችሁ ላይ አልኩ። ጎርፉ አሁንም ባዶ! እንደገና አስረዳሁ። ባዶ። ስድሳ የሚሆናት አንዲት ሴትዮ፣ ኛላም ትባላለች፣ ተነስታ መጥታ የጎርፉን ሥዕል በግንባሩ ደፋችው።

"ሌላ ሥዕል አለህ ወይ ትላለች" አለ ኒካው።

"የምን ሥዕል?"

"ውሃ ያልመጣበት።"

"ድርቅ አለላት አይደል እንዴ! ይኸው፣ የተሰነጣጠቀው መሬት።"

"ይሄ ድርቅ ነው። ድርቅ የለም እኛ ጋ። ዝናብ አለ። ወንዙም ሙሉ ነው። ውሃው ግን ወደ እርሻ አይመጣም። ግንብ አለ።"

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወሩ ጀመር። ኒካው የሚችለውን ያህል አቀበለኝ። ነሐሴ ላይ ወንዙ ከአፉ ወጥቶ ዝቅተኛው መሬት ላይ ይተኛል። ጥቅምት ላይ ይመለሳል። ጥሎት የሚሄደው ጭቃ ላይ ሴቶቹ በእንጨት እየወጉ በቆሎ ይዘራሉ፤ ዝናብ ሳይፈልግ ይበቅላል፤ ባህር ሸሽ እርሻ የሚባለው ይህ ነው። በጋውን የሚሻገሩት በዚያ ነው። ዳይኩ ካለቀ ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ውሃው አልተኛም፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኗል፤ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ለቆ ሄዷል። የቀረቻቸው ከታች በኩል ያለችው ቁራጭ ማሳ ናት። ሁለተኛው ምዕራፍ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ተናደድኩ። "ጎርፍ ሰው ይገድላል! ቤት ይወስዳል!" አልኩ።

"ቤታችን ከፍታ ላይ ነው ትላለች። ውሃው ሲመጣ እናውቃለን። ድሮም እናውቃለን።"

ኛላም ሃያውን ፍሬ መልሳ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። ኒካው ተረጎመው። "ይሄን ይዘህ ሂድ፣ እኛ የምንዘራበት የለንም ትላለች።"

አሥራ አራት ዓመት በዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ስድብ ተቀብዬ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

በመልስ መንገድ አቦቦ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ።

ትናንት መኪና ውስጥ ስገባ ኒካው በመስኮቱ አጎንብሶ "ያኔም ነግሬህ ነበር" አለኝ። የነገረኝ ነገር የለም። ነግሮኝ ቢሆን እጽፈው ነበር። ሰው ነገር ከተበላሸ በኋላ ሁሉ ነቢይ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ቅጹ አሥራ ሁለት ረድፍ አለው። አሥራ ሁለቱም የሚመጣ ነገር ነው፤ ጎርፍ ይመጣል፣ ተምች ይመጣል፣ እሳት ይመጣል። ሳይመጣ በመቅረቱ የሚጎዳ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። እንዲህ ያለውን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ነው ያዘጋጀው! በእጄ አሥራ ሦስተኛ ረድፍ አሰመርኩና "የወንዝ ውሃ ወደ ማሳ አለመድረስ፤ ሰው ሠራሽ" ብዬ ለአቶ ረታ ወሰድኩለት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሕዝቡ ያለው ነው።"

"ሰው ሠራሽ? የሠራው ሰው ማነው?"

ዓይኔን ወደ ቅጹ መለስኩ።

"እኛ ነና! ዳይኩን አደጋ ነው ልትለኝ ነው? የምርቃቱን ፎቶ ግድግዳው ላይ እያየኸው?"

ፎቶው ላይ ከግራ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሪባኑን የያዝኩት።

"አቶ ረታ፣ አንድ ቀን ቦታው ድረስ ሄደው ቢያዩት..."

"እኔ የማየው ወረቀት ነው፣ ጥዑመልሳን። ወረቀቱ ደግሞ ያንተ ነው።"

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። ወንበሩን ለማትረፍ ሲል ሌላ ሰው ላይ የሚያላክክ፣ ከቢሮው ወጥቶ ጭቃ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ቤርሳቤ ሽንኩርት እየከተፈች ስለ አቶ ረታ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማችኝ። ባለቤቴ ጀዊ ስደተኞች ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሰው ሲለፈልፍ መስማት ትችልበታለች። ስጨርስ፣

"ያኔ ስንት ቀን ቆየህ?" አለች።

"መቼ?"

"በ2013። ኡቶዎ።"

"ሦስት ቀን። ሪፖርቱ ላይ አለ።"

"ሪፖርቱን አልጠየቅሁህም። ጠዋት ሄደህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዓሣ ይዘህ መጣህ። ያጸዳሁት እኔ ነኝ። በነጋታው ሻንጣህን ይዘህ ለሥልጠና አዲስ አበባ በረርህ።"

ሴት ያጸዳችውን ዓሣ አትረሳም መሰለኝ። ለመሆኑ እሷን ምን አገባት? በጤና ጣቢያ ሥራዋ እኔ ገብቼ አውቃለሁ? ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እውነት ለመናገር ዓሣ መቼ እንደበላን አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

የ2013ን ዶሴ ከመዝገብ ቤት አወጣሁ። ለማረጋገጥ ያህል።

የመጀመሪያው ዙር ወረቀት፣ ግንቦት 20 የሚል ቀን ያለበት፣ ጭቃ የነካው፣ የዓሣ ቅባት ያለበት፣ ቁጥሩም ተሰርዞ የተጻፈ ነው። ጎርፍ ከፍሬው ሁሉ ከግማሽ በላይ ወስዷል። የሁለተኛው ዙር ወረቀት ደግሞ ንጹሕ ነው። እጥፋት እንኳ የለውም። ቁጥሮቹ ከሌላ ወረዳ ሠንጠረዥ ጋር አንድ ናቸው፤ አንዷ እንኳ አትለይም። በቡድኑ አባላት በኩል ሁለተኛው ዙር ሳይካሄድ ቢሮ ውስጥ የተሞላ ይመስላል።

የቡድኑ አባላት ዝርዝር ላይ ሦስት ስም አለ። አንደኛው በዚያ ሳምንት ታሞ ነበር። ሁለተኛው ሾፌሩ ነው።

ጽሕፈቱን አየሁት። ሰባት ቁጥር ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው። ሰባትን እንደዚያ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። እኔም አንዳንዴ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አስረከብኩ።

በ2013ቱ ቁጥር ጎርፍ አንደኛ። ድርቅ ሁለተኛ። የኡቶዎን ነገር ከታች በግርጌ ማስታወሻ አስገባሁት፤ "አንዳንድ ነዋሪዎች ዳይኩ በባህር ሸሽ እርሻቸው ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል የሚል አስተያየት ሰጥተዋል" ብዬ። አንዳንድ! ሠላሳ አንዱንም አንዳንድ አልኳቸው። ከአቶ ረታ ጋር ሁለት ሳምንት ስታገል የቻልኩት ይህን ነው። ከምንም ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ ታትሞ ሲመጣ የግርጌ ማስታወሻው የለም። ሄጄ ጠየቅሁት።

"ገጹ ሞላብን" አለኝ።

ገጹ ሞላ! በውስጤ እንዳልፈነዳ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን አቀበለኝ። እኔም ፈረምኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው፤ ፈሪ ነህ ጥዑመልሳን። ነገ ጠዋት ይህን መስመር እሰርዘው ይሆናል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

የማረጋገጫ ወርክሾፕ ነበር፤ ከተማው መሃል፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ። ማይክራፎኑ ይጮኻል። መብራቱ ሄዶ ይመጣል። የሐዋርያት ጾም መሆኑን እያወቁ የጾም ምግብ አልቋል ተባልን! ሰው እንዲህ ይንቃል?

ከኡቶዎ ኒካውና ኛላም የማኅበረሰብ ተወካይ ተብለው መጥተዋል። ኛላም አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ አሳምሟት ነው መሰለኝ ጠረጴዛው ሥር አውልቃዋለች። ሠንጠረዡን እኔ አቀረብኩ። ጎርፍ በቀይ። የሁለተኛው ምዕራፍ ካርታ ቀጥሎ። ያቺ የታችኛዋ ማሳ በካርታው ላይ የጥፍር ያህል ናት።

ኛላም እጇን አወጣች። ተነስታ አጭር ነገር ተናገረች።

"ይህን ግንብ ማን ጠየቀ ትላለች" አለ ኒካው።

አቶ ረታ አንገቱን አዙሮ አየኝ። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነው።

"ማኅበረሰቡ ራሱ ነው" አልኩ። "በ2013 በተደረገው ውይይት ጎርፍን አንደኛ አድርጎ የመረጠው ማኅበረሰቡ ነው።"

ኒካው አልተረጎመም። አወያዩ "ተርጉምላት እንጂ!" አለው። ከዚያ ወደ እሷ ዞር ሳይል፣ ወደ እኔ እያየ ተረጎመው። ኛላም ሰማችው። ተቀምጣ ጫማዋን አደረገች፣ ማሰሪያውን ቀስ ብላ አሰረች፣ ወጣች። ሰነዱ በጭብጨባ ጸደቀ።

ዋሽቻለሁ ማለት ይቻላል? አይቻልም። በቆሎውን ያስቀመጡት እነሱ ናቸው፤ ሥዕሉ ላይ፣ በእጃቸው። እኔ ቆጠርኩ። ቆጠራ ውሸት ሊሆን አይችልም። ይህን ለቤርሳቤ ስነግራት "እና ታዲያ ለምን ትጮህብኛለህ?" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ኤክስካቫተሩ መንገዱ በዝናብ ሳይዘጋ ኡቶዎ ገብቷል። አፈር መጣል ጀምሯል።

ኒካው ደወለ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ኒካው ደወለ። ስብሰባ ላይ አልነበርኩም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ባሮ እዚህ ከተማው ውስጥ ድልድዩ ሥር ቀላ ብሎ ይጋልባል። ባጃጆች እንኳ ቆመዋል። ጎግ በኩልም ወንዙ ሞልቷል አሉ። ሬዲዮው "ከወንዝ ዳር ራቁ" ይላል። ማስጠንቀቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደ ሁልጊዜው።

ቢሮ ውስጥ አቶ ረታ ለሌላ ሰው "ጥዑመልሳን ዘንድሮ ምን ሆኗል? ፊቱ አይፈታም" ሲል ሰማሁት። ፊቴ ለእሱ ምኑ ነው?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ቆረጡት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ የኡቶዎ ሰዎች ዳይኩን በዶማና በአካፋ ሁለት ቦታ ቆርጠውታል። ወንዙ የቀረውን ራሱ አስፍቶታል። ሰው አልተጎዳም። ኤክስካቫተሩ እስከ መሪው ሰጥሟል። ኒካውና ሌሎች ሁለት ሰዎች ታስረዋል፤ "የመንግሥት መሠረተ ልማት በማውደም"።

አበዱ እንዴ? የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ! ደመወዝ የሚበላ፣ አራት ልጅ ያለው ሰው! አቤቱታ ጽፎ አይጠብቅም? ደውሎ አይጠይቅም?

ደውሏል። አውቃለሁ።

አቶ ረታ የባለሙያ የአደጋ ሪፖርት በእኔ ፊርማ ይፈልጋል። ፖሊስ ለክስ የሚጠቀምበት እሱን ነው። "ሰው ሠራሽ ጎርፍ፤ ሕገወጥ ግለሰቦች ያደረሱት ብለህ ጨርሰው፤ ብዙ አታብዛው" አለኝ። ሰው ሠራሽ የሚለውን ቃል ዛሬ ወደደው!

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ቦታው ድረስ ሄድኩ። ከመኪናው ወርጄ የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በእግር፤ ጭቃው እስከ ጉልበት።

ጎጆዎቹ ከፍታው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አንዱም አልተነካም። ከእነሱ በታች ውሃው ረግቶ ተኝቷል፤ ሰፊ ነው፣ ሰማዩ ሁሉ ይታይበታል። ሴቶቹ ዳር ዳሩን እየሄዱ ውሃው የደረሰበትን በእንጨት ምልክት ይተክላሉ፤ ሲመለስ ማን የቱን እንደሚዘራ ካሁኑ እየተካፈሉ ነው። ይስቃሉ። ወንዶቻቸው ታስረው ይስቃሉ! ኛላም አየችኝ። በአማርኛ ስታናግረኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ይሄ ነው አደጋ?" አለችኝ።

ከዚያ ወደ ወረዳው ፖሊስ ሄድኩ። ኒካውን በረንዳ ላይ አገናኙኝ። ልብሱ ላይ ጭቃው ደርቋል።

"ምን አስበህ ነው?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። "ቤተሰብህን እንኳ አታስብም?"

"አስቤ ነው።"

"ብትነግረኝ ኖሮ..."

"ነገርኩህ። ዘንድሮ ነገርኩህ። ያኔም ነገርኩህ። ፍሬውን ስትቆጥር፣ ጥዑመልሳን ሁለተኛውንም ጠይቅ አልኩህ። አንተ ሰዓት አየህ።"

"ዝናብ መጥቶ ነበር።"

"ዝናብ አልነበረም። ዓሣ እየተጠበሰ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፣ ጎርፉ ላይ በቆሎ ሲያስቀምጥ። ቶሎ ቶሎ የሚመጣው የቱ ነው አልክ። ደስ ብሎን ውሃው ላይ አስቀመጥን። በየዓመቱ ይመጣላ! አደጋውን እየሳቀ የሚመርጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

አላውቅም። በአሥራ አራት ዓመት አላየሁም። እየሳቁ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነው ብዬ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ቢሮ አልሄድኩም። ቤት ቁጭ ብዬ ይህን ልጻፍ።

ያኔ፣ በ2013፣ በነጋታው አውሮፕላን ነበረኝ። ለሥልጠናው ከክልሉ የተመረጥነው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ርዕሱ የአደጋ ስጋት ትንተና ነበር። ሁለተኛው ዙር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ከቆየሁ መንገዱ ይመሽብኛል። "ጎርፍ ያው ጎርፍ ነው፤ የትም ቦታ ይጎዳል" አልኩ ለራሴ። እኔ ያደግሁበት ደብረ ታቦር ጎርፍ ማለት ማሳ ጠርጎ የሚሄድ ነገር ነው፤ ጭቃ ጥሎ የሚያበላ ወንዝ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ፣ ከቁርስ በፊት፣ የሌላውን ወረዳ ቁጥር ገለበጥኩት። ቡድን የሚባል ነገር አልነበረም። ሰባቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አቶ ረታ ላይ ሦስት ወር ሙሉ ተናደድኩ። ይገባዋል፤ አሁንም አልበረደልኝም። ግን እሱ ያጸደቀው እኔ የሰጠሁትን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ዳዋው አሁን ጎግ ፖሊስ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

ቤርሳቤ ከሥራ ስትመጣ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝ። "አሁን ደግሞ በራስህ ላይ መጮህ ጀመርክ" አለች። "እሱም ለማንም አይጠቅምም። ኒካው መቼ ይፈታል?"

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ይህን የምጽፈው ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ቅጹን ጠዋት ቢሮ ሞላሁት፤ አንዱን ቅጂ አቶ ረታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንዱን ይዤ መጣሁ። አቶ ረታ እስከ መኪናው ተከትሎኝ ነበር። "ጡረታህን፣ ልጆችህን፣ ምንህንም አታስብም?" እያለ። ልጅ የለኝም። እንደ ተናደደ ያስታውቃል።

የጻፍኩት ይህን ነው።

የአደጋው ዓይነት፦ የወንዝ ውሃ ወደ ማሳ አለመድረስ። ሰው ሠራሽ።

የደረሰው ጉዳት፦ የሁለት ዓመት የበጋ ምርት፤ የአሥራ ሁለት ቤተሰብ ስደት።

የደረሰበት ቀን፦ ግንቦት 20፣ 2013።

ያደረሰው አካል፦ ጥዑመልሳን፣ የአደጋ ስጋት ባለሙያ፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ተጠይቋል ብሎ በመሙላት።

ነሐሴ 4 ቀን የተደረገው፦ የደረሰውን አደጋ ለማስቆም የተወሰደ እርምጃ።

ፖሊሱ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይሄ ጥዑመልሳን የሚባለው ሰው የት ነው የሚገኘው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ የቆረጥከው?"

"አይደለም። ያሠራሁት ነኝ።"

"ማሠራት ወንጀል ነው እንዴ?"

"ቅጹ ስለ ወንጀል አይጠይቅም፤ ስለ አደጋ ነው።"

ጭንቅላቱን አከከ። ወረቀቱን ከሌሎቹ ወረቀቶች ለይቶ ብቻውን አስቀመጠው። "አዛዡ እስኪመጣ ቁጭ በል፤ መሄድ ግን አትችልም" አለኝ። ልሄድ አልመጣሁም አልኩት፤ ምናልባት ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ዞር ብሎ አየኝ።

አግዳሚው አጭር ነው፤ ሦስቱ እስረኞች ሞልተውታል። ኒካው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።